በፋይል እኩያዬ የነበረው ሰው

ባለፈው ወር የጡረታ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። የሰጠችኝ እኔው ራሴ ፋይል አያያዝ ያስተማርኳት ሴት ናት፤ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። የሠላሳ ምናምን ዓመት ልማድ አይለቅምና ከምስጋናው በፊት ስህተት ፈለግሁበት። ስሜ ልክ ነው፣ የደብዳቤው ቁጥር ልክ ነው፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ በደንብ አርፏል። የትውልድ ዘመኔም ልክ ነው። እዚያች ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ አልነቀል አለ። ያቺ ዓመተ ምሕረት የኔ ብቻ አልነበረችም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሌላ ሰው አብሮኝ ሲጠቀምባት ኖሯል። በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያን ዕለት ከጎኔ ቆሞ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይቀበል ነበር፤ እኔ ስድሳ ሞልቶኝ፣ እሱ ስድሳ ዘጠኝ ሞልቶት።

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ባጃጅ መያዝ እችል ነበር፤ አላሰኘኝም። የዛሬዋ ቦንጋ ዳገቷ ያው ዳገት ነው፣ ጭቃዋን ግን ግማሹን ኮብልስቶን ሸፍኖታል። ድሮ የአባቴ ሱቅ በነበረበት ጥግ ላይ አሁን የሞባይል ቀፎ የሚሸጥበት ባለመስታወት ቤት ቆሟል። አባቴ ከመሀል አገር ጨርቅ ይዞ መጥቶ እዚያው የቀረ ነጋዴ ነበር። አቡጀዲ፣ ጨው፣ ላምባ፣ የኩራዝ ክር፣ ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ ይሸጥ ነበር። ያኔ ከሱቁ ትይዩ በነበረችው ሻይ ቤት ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ ባለቤቷ ቴፕ ገዝታ በረንዳ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ደግሞ ሻዩ ላይ አምስት ሳንቲም ጨመረች፣ ለዘፈኑ ነው አለች። ካሴቱ አንድ ብቻ ስለነበር የመንደሩ ሰው ሁሉ ዘፈኖቹን ከነቅደም ተከተላቸው ያውቃቸው ነበር። ቅዳሜ ከሺሺንዳ የሚመጡት ነጋዴዎች እዚያች በረንዳ ላይ ተደርድረው፣ ቤልቦተም ሱሪያቸውን ጭቃ እንዳይነካው እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ያዳምጡ ነበር። ዛሬ ሁሉም ዘፈኑን በየጆሮው ሰክቶ ይሄዳል፤ ማን ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ የለም።

ያ ዓመቴን የተጋራኝ ሰው፣ ጋሽ አዴሎ፣ ወደኛ ቤት የመጣው ከማንኪራ ነው። በመንደሩ አቅራቢያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል የቆጠረው ዘግይቶ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ለመግባት ቦንጋ ሲመጣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ከአባቴ ጋር ተነጋግረው ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ተሰጠችው፤ በኪራይ ፈንታ በየዓመቱ ማር ይመጣል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ልገባ። እናቴ የሁለታችንንም ዩኒፎርም ከአንድ ጣቃ ካኪ ሰፋች፤ የሱን ሱሪ ቆርጣ የተረፈው ለኔ ቀሚስ በቃ። እና እኔ የጋሽ አዴሎን ዕድሜ የማውቀው በወሬ አይደለም። ከኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ክረምት ሲሆን መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥ ስለነበር በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት በር ላይ ያወርደኛል፤ ጫማዬ ሳይበላሽ ስለምገባ ጓደኞቼ ይቀኑብኝ ነበር። እሱ ግን ጫማ አያደርግም፤ ኮንጎውን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይይዝና እግሩን ታጥቦ ክፍል በር ላይ ያጠልቃል። ወንድም ስላልነበረኝ እሱን ወንድም አደረግሁት። ጋሼ እለዋለሁ፣ አንተ እለዋለሁ፤ ኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ስንገናኝ ሰው ፊት አንቱ ማለት ስጀምር ሁለታችንም ሳቃችን ይመጣ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ምክር ቤት ነው። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ቦንጋ ውስጥ ከአንድ በላይ ምክር ቤት አለ፣ ስማቸውም በኔ ዘመን ብቻ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን የቃለ ጉባኤ ያዥ ማስታወቂያ ወጣ፤ አማርኛ አጥርቶ የሚጽፍ፣ ካፊኖኖ አጥርቶ የሚሰማ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ያልበለጠ ይላል። ጋሽ አዴሎ ያኔ በየገጠሩ ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር ቆይቶ ሥራው ተቋርጦበት እቤት ተቀምጧል። ከሱ የተሻለ ሰው በአገሩ አልነበረም፤ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቅጹን እኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ሞላና የትውልድ ዘመን የሚለው መስመር ላይ ብዕሩን አቆመ። የትምህርት ካርዱ ላይ ዕድሜ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማንም የልደት ወረቀት አይጠይቅም። ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩና የመጣልኝን ዓመት ጻፍኩለት። የመጣልኝ የራሴው ነበር። ወረቀቱን አይቶ እየሳቀ፣

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ማን ማንን ጋሼ ሊል ነው?» አለኝ።

ይህን ስጽፍ ወንጀል መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም ያደረግሁት፤ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ሁለት ዕድሜ የሌለው ሰው ጥቂት ነበር። አንዱ የወረቀት ነው፣ አንዱ የጉልበት። የወረቀቱ ለቅጥርና ለጡረታ ነው፣ የጉልበቱን ደግሞ ዳገት ስንወጣ እናውቀዋለን። ያን ቀን የሠራሁት ውለታ እንጂ ሌላ ነገር አልመሰለኝም። እናቴ ስትሰማ ማር የከፈለልን ልጅ ነው ብላ መረቀችኝ።

ሥራውን ግን ያየ ሰው ማጭበርበሬን ይቅር ይለኛል። ምክር ቤት ውስጥ ንግግሩ በሁለት ቋንቋ ነው፣ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ። ከዋጫ በኩልም ከማንኪራ በኩልም የመጡ ሽማግሌ አባላት ልባቸው የሚፈታው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ይቆጥባሉ። ጋሽ አዴሎ ለዚህ የራሱ አሠራር ነበረው። ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ፣ ይዞ ከተናጋሪው አጠገብ ይሄዳል፣ ጉልበት ለጉልበት ሆኖ ይቀመጣል፣ ጆሮውን ወደ ሰውየው አፍ ያስጠጋል፤ ተናጋሪው ለጉባኤው ሳይሆን ለሱ የሚያወራ ይመስላል። ሲጨርሱ የጻፈውን ቀስ ብሎ መልሶ በካፊኖኖ ይነግራቸዋል፤ ይሄ ነው ያልኩት ካሉ ብቻ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሰዎቹ የሚያምኑት ስለዚህ ነበር። ሌሎች ተርጓሚዎች ከሩቅ ሰምተው የራሳቸውን ቃል ይጽፉብናል፣ አዴሎ ግን የኛን ነው የሚጽፈው ይሉ ነበር። ጽሑፉ ታዲያ ለራሱ ብቻ የሚነበብ ጭረት ነው። ቤቱ ወስዶ ይገለብጠዋል፣ እኔ እታይባለሁ። እንዲህ አድርገን ጸጉራችን ሸበተ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ያን ጊዜ አሁን ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው፤ ወጣቶቹማ ከነጭራሹ ረስተውታል። እኔ ግን ዛሬም ስልክ ስደውል ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚለው ድምፅ የሚመጣ ይመስለኛል። በየሱቁ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆመ፤ ሳሙናው በሲባጎ ታስሮ። በረኪና ከዘይት በላይ ተፈላጊ ሆነ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ዋጋቸው አልቀመስ አለ፤ ሎሚ አንዷ አሥር ብር ገባች። ገበያው አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ሙሽራ የሚያለብስበትን ሳቲን እየቀደደ ማስክ ሰፍቶ በሃያ ብር ይሸጥ ነበር፤ እኔ ሮዝ ገዛሁ፣ ጋሽ አዴሎ ቡና ዓይነት። በክርን ሰላም መባባል ተጀመረ። ሦስቴ ተሳስሞ እጅ ይዞ የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ካልጠየቀ ሰላም ያለ የማይመስለው አገር፣ ክርን ለክርን ገጭቶ ማለፍ ለመደ። እኔ እስካሁን አንዳንዴ የድሮው ሰላምታ ጎድሎብኝ የቀረ ይመስለኛል።

ከበላይ ለምክር ቤቶች መመሪያ መጣ፤ ወንበር በሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቅ፣ አባላት በየተራ ይግቡ፣ አዳራሹ ይረጭ። ሁሉም ስለ አባላቱ ነው። ሠራተኛውን፣ ሻይ የምታፈላውን፣ ጥበቃውን፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘውን የሚመለከት አንድ መስመር አልነበረበትም። ለሠራተኛው የራሳችንን እናውጣ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኃላፊያችን አቶ ታረቀኝ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ። አቶ ታረቀኝ ወጣት ነው፤ በዚያ ዓመት ከማንም በላይ የደከመ ሰው ነው፣ ክፉ ልለው አልችልም። ሺፍት አወጣን፣ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ብቻ አልን፣ ብዕር መዋዋስ ከለከልን። ዋናው አንቀጽ ግን ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞች ከነደመወዛቸው እቤት ይቀመጡ የሚለው ነበር። ስንት ዓመት እንበል ተባለ። አቶ ታረቀኝ ሃምሳ አምስት አለ፤ ከዚያ ዕድሜ በላይ አራት ሰው ነበረን። በፋይሉ ጋሽ አዴሎ ሃምሳ አራት ነው። በእውነቱ ስድሳ ሦስት ነው፣ ዳገት ሲወጣም ሁለት ቦታ ይቆማል፣ ደረቱ ያፏጫል።

እጄን አወጣሁና ሃምሳ ይሁን አልኩ። በሽታው ሃምሳን አይምርም፣ በሬዲዮም ተነግሯል፣ ምን ይጎዳናል አልኩ። የምችለውን ያህል በብልሃት ነው የተናገርኩት። አቶ ታረቀኝ የሠራተኞች ዝርዝር ይዞ ነበርና በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ከሃምሳ እስከ ሃምሳ አምስት ያለው ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ አገኘው፤ አዴሎና እኔ። ያውም በአንድ ዓመት የተወለድን። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ በጨዋታ ነው፣ ተናግሮም አያውቅም እንደዚያ፣

«እትዬ አልማዝ፣ ማረፍ ከፈለጉ እኮ የዓመት ፈቃድ አለዎት» አለኝ።

ሰዎቹ ሳቁ። ፊቴ ነደደ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሥራ ሸሸች ተብዬ አላውቅም፤ ወልጄ በወሩ ነው የተመለስኩት። ለራሴ አይደለም ብል ታዲያ ለማን ነው ሊሉኝ ነው። ለአዴሎ ብል ለምን ለሱ፣ እኩያሽ አይደለም ወይ ሊሉኝ ነው። ያን ዓመተ ምሕረት በወረቀት ላይ ያጋራሁት እኔ፣ አፌን የዘጋብኝም ያው ዓመት። ሃምሳ አምስት ይሁን ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም የማይለቀኝ ፍርሃቱ አይደለም። ኩራቴ ነው። አንድ ሰው ሰነፍ እንዳይለኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሌላውን ምክንያት ሁሉ ኋላ ነው የፈለግሁለት።

በማግስቱ ጋሽ አዴሎን ኮሪደር ላይ ጠርቼ ፋይሉን እናስተካክል አልኩት። ተሳስቶ ነው የተጻፈው እላለሁ፣ ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ አልኩ። እሱ ነገሩን ከኔ በፊት አውጥቶ አውርዶት ነበር። ዕድሜው ከተስተካከለ ጡረታው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እቤት ሁን ሳይሆን ውጣ ነው የሚባለው፤ ለሦስት ዓመት የሠራውም ይመረመራል፣ የጻፍሽው አንቺም ትጠየቂያለሽ አለኝ። ዘግይቶ አግብቶ ዘግይቶ ነው የወለደው፤ አንዲቷ ልጁ ምሕረት ጅማ ነርስነት እየተማረች ሁለት ዓመት ይቀራታል። እስከዚያ ልሥራ ነው የሚለው። ልመናዬን አቋረጠኝና፣

«አልማዝ፣ ሁለታችንም እንቃጠል ወይ? ተይው» አለኝ።

ተውኩት። እውነቱን ልናገር፣ ተይው ሲለኝ ደስ አለኝ። ጨክኜ ልጻፈው ብል ኖሮ ከሥራ የምወጣው እኔም ነበርኩ፤ ያን ቀን ወደ ቢሮዬ ስመለስ ትከሻዬ ቀለል ብሎኝ ነበር። አንድ መውጫ ግን ቀርቶናል። መመሪያችን ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሠራተኛም እቤት ይቆይ ይላል፤ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ካቀረበ። የደረቱ ፉጨት ለዚህ ይበቃል ብዬ እኔው ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁ። ቦርዱ በኮሮና ምክንያት ለጊዜው አይሰበሰብም አሉኝ። ሰውየው የነገረኝ በትሕትና ነው፣ ሳኒታይዘርም እጄ ላይ ጠብ አደረገልኝ። መንገድ ላይ ቆሜ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ያን አንቀጽ፣ የቦርድ ማስረጃ የሚለውን፣ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰው እንዳያጭበረብር ብዬ።

ክረምት ገባ። የበጀት ጉባኤ የግድ ነው። ሁለት ቀን እንዲሆን ተወሰነ፤ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደረደሩ፣ ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት ተደረገ፣ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፈቱ። የጋሽ አዴሎም ቦታ በኖራ ተከበበ፤ ከሁሉም በሁለት እርምጃ የራቀ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክራፎንም ለተናጋሪዎች። ያን ክብ ሳይ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። የመጀመሪያው ሰዓት በመመሪያው ሄደ። ከዚያ የቦንጋ ሐምሌ ያውቅበታል፤ ዝናቡ ከነነፋሱ ገብቶ የበጀት ወረቀቱን በተነው፣ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ወዲያው መብራት ሄደ፣ ማይክራፎኑም አብሮ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ጎረቤትህን እንኳ አያሰማህም። ከማንኪራ በኩል የመጡት ሽማግሌ ስለ መንደራቸው መንገድ ለመናገር ተነሡ። በማስክ ውስጥ ሲያጉተመትሙ ማንም አልሰማቸውም። ወደ ጋሽ አዴሎ ዞረው ጠበቁ። ሠላሳ ዓመት እንደለመዱት ነው የጠበቁት፤ ዱካውን ይዞ እስኪመጣ።

እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ አየሁ። ጋሽ አዴሎ ኖራውን አየ። ሽማግሌውን አየ። ጉባኤውን የሚመሩት ቀጥሉ ብለው በእጃቸው አመለከቱ፤ ምን እንደሚቀጥል አልተናገሩም። ተነሥቶ ዱካውን ይዞ ሄደ። ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ። ሽማግሌው ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ፣ እሱም ለመመለስ የራሱን አወረደ። ከሳቸው በኋላ ሌላው፣ ከሌላው በኋላ ሌላው። ሁለቱን ቀን ሙሉ እንደዚያ ሲዞር ዋለ፤ ዝናቡም አላባራ፣ መስኮቱም አልተከፈተ። በመሐል ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ እጁን ያዝኩት፣ እጅ መያዝ ክልክል በነበረበት ጊዜ፤ ጋሼ በቃህ ታመምኩ በልና ውጣ አልኩት። ይህንኑ ነው የመለሰልኝ፦

«እኔ ካልሄድኩ እኮ አልተናገሩም ማለት ነው።»

በአምስተኛው ቀን አተኮሰው። ሕክምና ማዕከል ሲወስዱት የጭረት ደብተሩን ይዞ ገባ፤ የሁለተኛው ቀን ውሎ ገና አልተገለበጠም፣ ከሱ በቀር የሚያነበው የለም። ከአልጋው ላይ ሆኖ ደወለልኝ። እሱ ያነባል፣ እኔ እታይባለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይልና ያስለዋል፤ እኔ ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ተወው ይቅር፣ ተኛ እለዋለሁ፤ ሰዎቹ የኛን ቃል የት አደረስከው ይሉኛል ይለኛል። እኔም ስልኩን መዝጋት ስችል አልዘጋሁም። ቃለ ጉባኤው ለአቶ ታረቀኝ በሳምንቱ መግባት ነበረበት፤ ከዚያም ደግሞ ድምፁ እስካለ ድረስ ደህና ነው የሚል ቂል ተስፋ ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤት ጥገና የሚለው ጋ ደርሰን ነገ እንቀጥላለን አለ። በማግስቱ እኔ ነኝ የደወልኩት። እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት፣ ከዚያ ጥሪው ጮኸ፤ ያነሣው የለም። ሦስት ጊዜ እንዲሁ።

ቀብሩ ላይ የተፈቀደልን ጥቂት ሰው ነበርን። ድንኳን የለም፣ እድር የለም፣ ጥቁር ለብሶ የሚያስተዛዝን የለም። የማንኪራ ሰዎች በእግራቸው መጥተው ከከተማው መግቢያ ተመለሱ፤ ዝናብ ላይ ቆመው በሩቁ አልቅሰው እንደሄዱ ኋላ ነው የሰማሁት። ትምህርቱ ቢዘጋም ጅማ የቀረችው ምሕረት ደርሳ ነበር። የምትማረው ሙያ ነውና፣ እንዴት ሥራ ላይ ተዋችሁት፣ ደረቱን አታውቁም ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ከዚያ መስቀሉ ላይ ዕድሜውን ስንት እንበል አለችኝ። የጡረታ አበሉ ለእናቷ የሚጠበቀው በፋይሉ መሠረት ነው፤ መስቀል ላይ ሌላ፣ ወረቀት ላይ ሌላ ቢሆን የሚጠይቅ አይጠፋም ብዬ ፈራሁ። ሃምሳ አራት በይ አልኳት። ሃምሳ አራት ተብሎ ተጻፈ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ምነው በልጅነቱ ይላል።

ዓመቱ ሲያልቅ የመመሪያችን አፈጻጸም ሪፖርት ተጠየቀ። አቶ ታረቀኝ ጠርቶኝ እየነገረኝ ጻፍኩ። ስለ በርሜሉ፣ ስለ ሺፍቱ፣ ስለ ኖራው ምልክት አንድ ገጽ ሞላ። የሞተብንን አንድ ባልደረባ በሐዘን ጠቀስነው። ከዚያ ለዕድሜ ባለጸጎች ስለተደረገው ጥበቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ከሆኑት ሠራተኞች መካከል በበሽታው ሕይወቱ ያለፈ አንድም ሰው የለም፤ ስለዚህ የዕድሜ ገደቡ በትክክል ተቀምጧል። ጽፌ ቀና አልኩ። እሱ መስኮቱን እያየ ነበር፤ ጠንቃቃ ሰው ነውና፣ ከመፈረማችን በፊት ፋይሎቹን አይተው ያረጋግጡልኝ አለኝ። መዝገብ ቤት ወረድኩ። የጋሽ አዴሎን ፋይል ከመደርደሪያው አወጣሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ፣ ሰማያዊ ቀለሜ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ በደንብ ይነበባል። ተመልሼ ወጣሁና ትክክል ነው አልኩት። እሱ ፈረመ፤ አረጋጋጭ በሚለው ቦታ ላይ እኔ ፈረምኩ።